የቢዝነስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ፕሮጀክት ሲሠሩ፦ ከቡድን ምርጫ እስከ ዲፌንስ

ዲፌንስ ላይ ነን፤ ፕሮጀክታችንን በፈታኞች ፊት የምናቀርብበት ቀን። ኤግዛሚነሩ ሪፖርታችንን ከመሃል ገለጡት። ወደ ኋላ ሄዱ። ተመልሰው ወደ መሃል መጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጆች፣ በ11 ሺህ ብር ሠርታችሁ በ4 ሺህ ልትሸጡት ነው?» አሉን። ወጪውን ያሰላነው እኛ ኢንጂነሪንጎቹ ነን። ዋጋውን የተመኑት የማርኬቲንግ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ጥራዝ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ከመካከላችን አንድም ሰው ጎን ለጎን አላያቸውም።

የግቢውን ስም ልተወው። ከዚያ ወዲህ ግን እዚህ ሀዋሳ የተማሪ ቡድኖችን ሳግዝ የማየው ያንኑ ነው። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ሥራውን በዲፓርትመንት ይካፈሉና ይበታተናሉ፤ በመጨረሻው ሌሊት ፎቶኮፒ ቤት ተገናኝተው ያጣብቁታል።

ከዚህ በታች ያለው አንድ ሴሚስተር ለሚፈጅ ፕሮጀክት ነው። ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፦ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው የሀዋሳ ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ለሚሸጡ ሰዎች የሚሆን በረዶ የሚይዝ ሳጥን። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሁለቱንም ዲፓርትመንት ካላንደር አውጡ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙ ቡድን የሚሞተው ግን እዚህ ነው። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው፤ ለኢንተርንሺፕ ግቢ ለቀው የሚወጡበት ጊዜም አለ። በጥቅምት አብሯችሁ የጀመረ የሜካኒካል ልጅ በየካቲት ሌላ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሚዱን፣ ፋይናሉን፣ ኢንተርንሺፑን በአንድ ወረቀት ላይ አስምሩና ሁላችሁም ነፃ የሆናችሁባቸውን ሳምንታት ቁጠሩ። ከ10 ካነሱ ፕሮጀክቱን ዛሬውኑ አሳንሱት።

ደንበኛችሁ ቅርብ ይሁን። በእግር ወይም በባጃጅ በግማሽ ሰዓት የማትደርሱበት ሰው ዘንድ ሁለተኛ አትሄዱም። ሁለተኛ ያልሄዳችሁበትን ሰው ደግሞ አታውቁትም።

አንድ የወረቀት ደብተር ግዙ። አዎ፣ ወረቀት። ቴሌግራም ላይ የተስማማችሁበት ነገር በማግስቱ በ200 መልእክትና በስቲከር ሥር ይቀበራል።

ገንዘብ ከአሁኑ አዋጡ። ትንሽም ትሁን፣ እኩል ትሁን። «ኋላ እንተሳሰባለን» ያለ ቡድን ኋላ ይኳረፋል።

ደረጃ 1፦ ቡድኑን ምረጡ

5 ወይም 6 ሰው በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ አንዱ ወይም ሁለቱ ስማቸውን ብቻ ያስገባሉ።

ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑር። አንድ የማኔጅመንት ልጅ ብቻውን ከአምስት ኢንጂነሮች ጋር ሲገባ የፓወር ፖይንት ሠሪ ሆኖ ይቀራል። ተገላቢጦሹም ያው ነው፤ ብቸኛው ኢንጂነር «ማሽኑን አምጣ» ይባላል፤ ማሽኑ ለማን እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ሲዳምኛ የሚናገር ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ እድለኞች ናችሁ። ገበያ ላይ አማርኛ ያስኬዳል። ስለ ዕዳና ስለ ኪሳራ የሚወራው ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው።

የሥራ ድልድሉን እንዲህ አድርጉት። ሰብሳቢነቱ በየሁለት ሳምንቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዙር። ገንዘብ ያዡ የኢንጂነሪንግ ልጅ ይሁን። የሙከራ መዝገብ ያዡ ደግሞ የቢዝነስ ልጅ። ተሳስቼ አይደለም። ላሜራ የሚገዛው ሰው ብሩን ከራሱ እጅ ሲያወጣ ዲዛይኑን መልሶ ያየዋል። ቴርሞሜትር የሚያነበው የአካውንቲንግ ልጅ ደግሞ ያየውን ይጽፋል፤ እኛ ኢንጂነሮች አንዳንዴ የጠበቅነውን እንጽፋለን። ሴት ልጅ ካለች ጸሐፊ እሷ ትሁን የሚለውን የቆየ ነገርም ተዉት።

በመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይናገር፦ የምችለው ይህ ነው፤ የማልችለው ይህ ነው፤ የምፈልገው ግሬድ ይህ ነው። ሦስተኛው ሼም ይይዛል። ግን ጠይቁ። ኤ የሚፈልግና «ማለፉ ይበቃኛል» የሚል ሰው ከመጀመሪያው ቀን ቢተዋወቁ ይሻላል።

ችግር ሲመጣ፦ መምህሩ በስም ዝርዝር ደልድሎ ከማታውቋቸው ልጆች ጋር ካገናኛችሁ፣ የመጀመሪያውን ስብሰባ ግቢ ውስጥ አታድርጉት። ሐይቁ ዳር ውጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ የዚያን ቀን ስለ ሥራ ግማሽ ሰዓት ብቻ አውሩ። ጊዜ ማባከን አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች ስህተታቸውን አይነጋገሩም።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን አድቫይዘሮች አገናኙ

የኢንጂነሪንግ መምህሩ ስሌት፣ ድሮዊንግና የሙከራ ውጤት ይጠብቃሉ። የቢዝነስ መምህሯ መጠይቅ፣ ናሙናና ትንተና ይጠብቃሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ሌላኛው ምን እንደሚጠብቅ አያውቁም።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱንም በአንድ ክፍል አስቀምጡ። «መምህር፣ 20 ደቂቃ ብቻ ነው የምንፈልገው፤ እርስዎም እሳቸውም ባሉበት ሦስት ጥያቄ አለን» በሉ። ጥያቄዎቹ፦ አንድ ሪፖርት ነው ወይስ ሁለት? ማርኩ በጋራ ነው ወይስ በየራሳችን? የግድ መኖር ያለበት ክፍል የትኛው ነው? መልሱን እዚያው ጻፉና በዚያው ቀን ለሁለቱም ላኩላቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ «እኚያኛው መምህር እንዲህ አሉን» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ አታውጡ። ሁለት መምህራንን በስማ በለው ያነጋገረ ቡድን መሃል ላይ ይቀጠቀጣል።

ችግር ሲመጣ፦ ሰዓታቸው ካልገጠመ ለየብቻ ጠይቁና ሁለቱን መልስ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሚጋጭ ካለ አስምሩበት፤ ገጹን ለሁለቱም አሳዩ። እናንተ አትፍረዱ።

ደረጃ 3፦ ሁላችሁም ገበያ ውረዱ

ሁላችሁም። «ቢዝነሶቹ መጠይቅ ይበትኑ፣ እኛ ዲዛይን እንጀምር» ካላችሁ እዚህ ጋ ተለያያችሁ ማለት ነው።

አሞራ ገደል በጠዋት ሂዱ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ፣ ልጆቹ በቢላ ቆሮሶውን (ቲላፒያ ዓሣውን) ሲልጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪወረወርላቸው እንደ ሽማግሌ ቆመው ሲጠብቁ ታያላችሁ። በዚያ ሰዓት ግን ማንንም አትጠይቁ። ሻጩ እጁ ዓሣ ላይ ነው፤ ዓይኑ ገዢ ላይ። ዝም ብላችሁ ቁጠሩ፣ ለኩ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ጠይቁ።

አጠያየቅ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። እንዲህ ይሆናል፦

«እትዬ፣ በረዶ የሚይዝ ሳጥን ብንሠራ ይገዙናል?»

«ለምን አልገዛም ልጄ! እናንተ ብቻ ሥሩት።»

ልጁ ደስ ብሎት «ትገዛለች» ብሎ ይጽፋል። ከ30 ሰው 28ቱ እንደዚያ ይመልሱለታል። ምክንያቱም ተማሪ ነው፣ የሰው ልጅ ነው፣ ማን ፊቱን ያጠቁርበታል? ያ ቁጥር ዋጋ የለውም። እንዲህ ጠይቁ፦

«እትዬ፣ ትናንት ስንት ኪሎ ተረፈዎት?»

«ስድስት ኪሎ ገደማ።»

«ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ ለሆቴል በግማሽ ዋጋ ሰጠሁት እንጂ።»

አሁን ቁጥር አገኛችሁ። ሳጥኑ በቀን የሚያድነው ብር ከዚህ ነው የሚሰላው። የወደፊቱን ተዉት፤ የትናንቱን ጠይቁ።

ሌሎች የማይቀሩ ጥያቄዎች፦ ዓሣው ከዚህ ወዴት ይሄዳል? በምን? ስንት ሰዓት ይቆያል? በረዶው ከየት ይመጣል? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ሳጥኑን ሠርቶ ጨርሶ በረዶ ከየት እንደሚገዛ ያልጠየቀ ቡድን አይቻለሁ።

ቀኑንም ምረጡ። በጾም ወቅት ዓሣ ይወደዳል፤ ረቡዕና አርብም ገበያው ይሞቃል። በሁዳዴ ብቻ የጠየቀ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ አድርጎ ያሰላል። ቢያንስ አንድ የጾም ቀንና አንድ የፍስክ ቀን ያዙ። ኢንጂነሮቹም በጠዋቱ ቅዝቃዜ ለክታችሁ አትመለሱ። ሙቀቱን ቀትር ላይ ለኩ።

ደረጃ 4፦ ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

እንዲህ፦ «20 ኪሎ ዓሣ ለ8 ሰዓታት ያህል አቀዝቅዞ የሚያቆይ፣ በባጃጅ የሚጫን፣ ከ8 ሺህ ብር የማይበልጥ ሳጥን።»

«ዘመናዊ»፣ «ውጤታማ»፣ «ተመጣጣኝ» የሚሉ ቃላት ከገቡ ሰርዟቸው። አይለኩም። ዓረፍተ ነገሩን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙበት። መቀየር ይቻላል፤ የሚቀየረው ግን ሁላችሁም ባላችሁበት ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ የቁጥር ወረቀት ክፈቱ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳላችሁ ብባል ይህን ውሰዱ እላለሁ። ሁለቱ ዲፓርትመንቶች የሚገናኙት በስብሰባ አይደለም። በቁጥር ነው።

አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ። ኤክሴል ይሁን ደብተር ግድ የለም። አምስት ዓምድ ይኑረው፦ ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ ሲቀየር የማንን ሥራ እንደሚያበላሽ። ኢንጂነሩ የሚያመጣው ቁጥር ሁሉ ብር አለው። የቢዝነሱ ልጅ የሚያመጣው ቁጥር ሁሉ ዲዛይን ይነካል። አምስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ መስመር ካገኛችሁ አልጨረሳችሁም።

በሳጥናችን ላይ እንሂድበት። ብሮቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የገበያችሁን አስገቡ። የሙቀቱ ስሌት ግን እውነተኛ ነው።

ሀ. ኢንጂነሯ ትጀምር። 20 ኪሎ ዓሣ ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ዲግሪ ይውረድ። አንድ ኪሎ ዓሣን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 3.6 ኪሎ ጁል (የሙቀት ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይፈልጋል። 20 በ3.6 በ25 ሲባዛ 1,800 ኪሎ ጁል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ስለዚህ ለማቀዝቀዝ ብቻ 5.4 ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል።

ለ. በግድግዳ የሚገባውን ሙቀት ትጨምር። ውስጡ በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የፎሙ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ስፋት በአማካይ 1.2 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውጭው 25 ዲግሪ ሲሆን 21 ዋት ያህል ይገባል። በ8 ሰዓታት ይህ 605 ኪሎ ጁል ነው፤ 1.8 ኪሎ በረዶ ይበላል። ድምር፦ 7.2 ኪሎ። ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጠፋው ገና አልተቆጠረም።

ሐ. አሁን የአካውንቲንጉ ልጅ ይቀበል። በረዶ በኪሎ 20 ብር ቢሆን ሻጯ በቀን 144 ብር ለበረዶ ታወጣለች። ሳጥኑ ባይኖር ስንት ብር ታጣ ነበር? ስድስት ኪሎ በግማሽ ዋጋ፣ ከደረጃ 3 ያገኘነው። ሁለቱን አነጻጽሩ። የበረዶው ወጪ ከበለጠ ፕሮጀክቱ እዚህ ጋ ሞቷል፤ ላሜራ ሳትገዙ ማወቃችሁ ትልቅ ነገር ነው።

መ. የማምረቻውን ሒሳብ አስገቡ። አንዱን ሳጥን መሥሪያ 6,000 ብር፣ መሸጫው 7,500 ብር፣ ለመሣሪያና ለቤት ኪራይ የመሳሰለው ቋሚ ወጪ 90,000 ብር ቢሆን ከእያንዳንዱ ሳጥን 1,500 ይተርፋል። 90,000 ለ1,500 ሲካፈል 60። ወጪያችሁን ለመመለስ 60 ሳጥን መሸጥ አለባችሁ።

ሠ. ጠቡ የሚነሳው እዚህ ነው። ኢንጂነሯ «ፎሙን 10 ሳንቲ ሜትር እናድርገው፣ በግድግዳ የሚገባው ሙቀት በ40 በመቶ ያህል ይቀንሳል» ትላለች። ልክ ናት። ፎሙ 900 ብር ይጨምራል። የአካውንቲንጉ ልጅ ያሰላና ይደነግጣል፦ ትርፉ ከ1,500 ወደ 600 ወረደ፤ 60 የነበረው 150 ሳጥን ሆነ! እሱም ልክ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ፎም 90 ተጨማሪ ደንበኛ ጠየቀች።

ብዙ ቡድን እዚህ ጋ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። አትወስኑ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ውረዱት። በ40 በመቶ መቀነስ ማለት በቀን 0.7 ኪሎ ያህል በረዶ መትረፍ ነው፤ 14 ብር። ሻጯ ተጨማሪውን 900 ብር ብትከፍል በ64 የገበያ ቀን ገደማ ትመልሰዋለች። ዋጋውን 8,400 ካደረጋችሁት የእናንተም ሒሳብ ወደ 60 ሳጥን ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው «ፎሙ ይወፍር አይወፍር» መሆኑ ቀረ። «ሻጯ ዛሬ 900 ብር ጨምራ ከፍላ፣ በቀን 14 ብር እየመለሰች 64 ቀን ያህል ትጠብቃለች ወይ?» ሆነ። ይህን ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የሚመልስ የለም። ተመለሱና ጠይቋት። በዚያውም 8,400 ማለት ደረጃ 4 ላይ የፈረማችሁበትን 8 ሺህ ማለፍ መሆኑን አትርሱ።

ረ. ገና አላለቀም። ፎሙ ሲወፍር የሳጥኑ ውጭ ከ50 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ባጃጅ ላይ ይገባል? ሜትር ይዛችሁ ውጡና አንድ ባጃጅ አስቁማችሁ ለኩ። ሾፌሩ ይስቅባችኋል፤ ይሳቅ።

ችግር ሲመጣ፦ አንዱ ወገን ቁጥር አምጥቶ «ከየት አመጣኸው?» ሲባል «ከኢንተርኔት» ካለ፣ መስመሩን በቀይ ቀለም ጻፉት። ቀይ ቁጥር ሥራ ላይ ይውላል፤ ግን ዲፌንስ ከመድረሱ በፊት በተለካ ወይም ገበያ ላይ በተጠየቀ ቁጥር መተካት አለበት።

ደረጃ 6፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 45 ደቂቃ ተገናኙ

ቀኑና ሰዓቱ አይቀየርም። መጀመሪያ የቁጥር ወረቀቱን ክፈቱ፤ ባለፈው ሳምንት የተቀየረውን እያንዳንዱን ቁጥር አንብቡ። ቀጥሎ የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራ በስምና በቀን አከፋፍሉ። አለቀ። ሌላው ወሬ ከስብሰባ በኋላ።

ቃላት ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ የማኔጅመንት ልጅ «ሞዴሉ አልቋል» ብላ ጻፈች። ሜካኒካሎቹ በደስታ ወደ ብየዳ ቤት ሄዱ። እሷ ያለችው የገቢ ሞዴሉን ነበር። እነሱ የገባቸው የሳጥኑ ሞዴል ነው። የደብተራችሁን የመጨረሻ ገጽ ለእንዲህ ዓይነት ቃላት መድቡ፦ ሞዴል፣ ወጪ፣ ካፓሲቲ፣ ጥራት። እያንዳንዱን «እኛ ጋ እንዲህ ማለት ነው» ብላችሁ ጻፉ።

የጠፋ አባል። ከሁለት ስብሰባ በላይ የቀረን ሰው ግሩፑ ላይ አታዋርዱት። አንድ ሰው ብቻ፣ ቢቻል ከራሱ ዲፓርትመንት፣ ዶርሙ ድረስ ሄዶ ያናግረው። ታሞ ይሆናል፤ የትራንስፖርት አጥቶ ይሆናል፤ ሥራው አልገባውም ይሆናል። ሦስተኛው በጣም ይበዛል። ሥራውን አሳንሳችሁ፣ በሦስት ቀን የሚያልቅ አንድ ነገር ስጡት። ያንንም ካላመጣ በአራተኛው ሳምንት ለመምህር ተናገሩ። በ14ኛው ሳምንት የሚነገር ክስ ማንም አይሰማውም።

ፉከራ ሲነሳ። «እናንተ ማውራት ብቻ ነው»፣ «እናንተ ብረት መቀጥቀጥ ብቻ ነው» የሚል ነገር ከመጣ ያለፈው ሳምንት የተቀየረ ቁጥር የለም ማለት ነው። ሥራ የቆመበት ቦታ ነገር ይበዛል። ለሁለት ሳምንት ሰው አለዋውጡ፤ አንዱ የቢዝነስ ልጅ ብየዳ ቤት ይዋል፣ አንዷ ኢንጂነር ገበያ ትዋል።

ደረጃ 7፦ በርካሹ ሠርታችሁ ሞክሩ

መጀመሪያ በካርቶንና በፎም። ላሜራ ሳትገዙ መጠኑ ልክ መሆኑን በዚህ ታውቃላችሁ። ሻጯ ትክፈተው፣ ትዝጋው፣ ታንሳው። 20 ኪሎ ዓሣና 7 ኪሎ በረዶ 27 ኪሎ ነው፤ የሳጥኑ ክብደት ደግሞ አለ። ብቻዋን ባጃጅ ላይ ታወጣዋለች? ካልቻለች እጀታው ለሁለት ሰው ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎም አጠገብ ብየዳ አትበይዱ። ፎም ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። መጀመሪያ የብረቱ ሥራ ያልቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ፎሙ ይገባል። ይህን ለብየዳው ባለሙያ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ፎሙን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ለመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ዓሣ አታባክኑ። 20 ኪሎ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉና አስገቡ። ውሃ ከዓሣ ትንሽ የበለጠ በረዶ ይበላል፤ በውሃ ካለፈ በዓሣም ያልፋል። በረዶውን መዝናችሁ አስገቡ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሙቀቱን መዝግቡ፣ በየሰዓቱ ክዳኑን እንደ ሻጭ ክፈቱ። በመጨረሻ የቀረውን በረዶ መዝኑ። የቀለጠው ውሃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ሳጥኑ በሳምንቱ ይሸታል፤ ቀዳዳውን አትርሱ።

ሰዓት ላይ አንድ ነገር። መመዝገቢያ መሣሪያው 8:00 ሲል በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ግማሹ ቡድን በሀገርኛ፣ ግማሹ በመሣሪያው ሰዓት ጽፎ ሙሉ የሙከራ ቀን የተበላሸበት ጊዜ አለ። አንዱን ምረጡና መዝገቡ ራስጌ ላይ ጻፉት።

ችግር ሲመጣ፦ ሙከራው ከስሌቱ ብዙ ከራቀ ስሌቱን ለማስተካከል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። አየር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በክዳኑ ዙሪያ ነው። አዲሱን ቁጥር በዚያው ቀን የቁጥር ወረቀቱ ላይ አስገቡ፤ ለበረዶ የሚወጣው ብርም አብሮ ይቀየራል።

ደረጃ 8፦ ሪፖርቱን በአንድ እጅ ጻፉ

የመጨረሻውን ፋይል የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ሌላው ይልክለታል እንጂ አይነካካም። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «እውነተኛው ፋይናል» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ካያችሁ ሥራ አቁሙና አንዱን ምረጡ።

ምዕራፎቹን አቀያይሩ። የገበያውን ምዕራፍ ረቂቅ ኢንጂነር ያንብበው፤ የዲዛይኑን የቢዝነስ ልጅ። ያልገባውን ሁሉ ያስምርበት። እሱ ያልገባው ለኤግዛሚነሩም ላይገባ ይችላል።

ከዚያ አምስት ቁጥር ምረጡ፦ የአንዱ ሳጥን ወጪ፣ መሸጫ ዋጋ፣ የሚይዘው ኪሎ፣ የሚፈጀው በረዶ፣ ወጪ የሚመልሰው የሳጥን ብዛት። እያንዳንዱ ቁጥር የገባበትን ገጽ ሁሉ ፈልጉ። ሁሉም ቦታ አንድ ነው? እኛን 11 ሺህና 4 ሺህ ያዋረደን ይህን ግማሽ ሰዓት ስላልሰጠነው ነው።

ከማስረከቢያው 5 ቀን ቀድማችሁ ጨርሱ። መብራት ይጠፋል፣ ፕሪንተር ይነክሳል፣ ፎቶኮፒ ቤቱ በዚያ ሳምንት ይጨናነቃል።

ደረጃ 9፦ ለዲፌንስ ተለዋወጡ

በልምምድ ጊዜ የዋጋ ጥያቄ ለኢንጂነሩ፣ የፎም ጥያቄ ለማርኬቲንጓ ልጅ ይቅረብ። ሊቅ መሆን አይጠበቅባቸውም። «ፎሙን 5 ያደረግነው 10 ቢሆን ሻጯ 900 ብር ስለምትጨምርና ሳጥኑ ባጃጅ ላይ ስለማይገባ ነው» ማለት ከቻለች በቂ ነው። «እሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው» የሚል መልስ በልምምድ ላይ ከተሰማ አንድ ቀን ጨምሩና እንደገና ተለማመዱ።

ማን ምን እንደሠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጁና ሁላችሁም ፈርሙ። ማርክ ላይ ቅሬታ ከተነሳ የምታሳዩት ይህንና ደብተሩን ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሳጥኑ የማን ነው? ከዲፌንስ በፊት ወስኑ፤ አለበለዚያ ዎርክሾፕ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል ወይም አንዱ ዶርሙ ወስዶ የልብስ ማስቀመጫ ያደርገዋል። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ጊዜዋን ለሰጠቻችሁ ሻጭ ከተመናችሁት ዋጋ ቀንሳችሁ ሽጡላት እንጂ በነፃ አትስጡ። በከፈለችው ልክ ጉድለቱን ትነግራችኋለች። ስልኳን ያዙ፤ ከወር በኋላ ደውሉና ክዳኑ አሁንም ይገጥም እንደሆነ ጠይቋት።